ከመርዶ በፊት አሥራ አራት ቀን

ሰባተኛ «ለ» ክፍል ከረሜላ የገባው ኅዳር ስምንት፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ደሴ ውስጥ «ከረሜላ ገባ» ከተባለ ትርጉሙን የማያውቅ ልጅ የለም። ከክፍሉ ልጆች የአንዱ ሰው ሞቷል ማለት ነው። የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ለአንዱ ክኒን፣ ለቀሩት ሠላሳ ሰባቱ ደግሞ ክኒኑን የሚመስል ከረሜላ ይታደላል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ብርቱካን ብርቱካን ይላሉ። አሥራ አራት ቀን ሙሉ ሁሉም ከባንዲራ መዝሙር በኋላ ተሰልፎ እየዋጠ ምላሱን ያሳየኛል። የቅዳሜና የእሑዱን በትንሽ ፖስታ አድርጌ ዓርብ እሰጣቸዋለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሽማግሌዎች የአንዱን ልጅ ቤት ያንኳኳሉ። መርዶው ይነገራል። ልጁን ያኔ መድኃኒቱ ስለያዘው ብዙም አይጎዳም።

ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ድሮም ቢሆን እኛ አገር መርዶ እንደ ዜና አይወረወርም። ዘመድ ተሰብስቦ ይማከራል፣ «ትንሽ አሟት ነበር» ይባላል፣ ሰው እህል ቢጤ ቀምሶ እንዲያድር ተደርጎ ንጋት ይጠበቃል። የመንግሥት መመሪያ ያደረገው ያንን ጊዜ ለክቶ ቁጥር መስጠት ብቻ ነው። መድኃኒቱ እስኪይዝ አሥራ አራት ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ መርዶም አሥራ አራት ቀን ይቆያል። ሲወጣ እኔ ልጅ ነበርኩ። አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ዘመኑም 2071 ነው፣ እዚህ ከተማ ከዚህ ሌላ አሠራር የሚያስታውስ ሰው ካለ አርጅቷል።

ስሜ ኤልዳና ይባላል። የላይ ሰፈር ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ለዚህ ሥራ ሐኪም አያስፈልግም። በየሩብ ዓመቱ ለልጆቹ ዘጠኝ ጥያቄ እናቀርባለን፦ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምግብ እንዴት ነው፣ አዝነሻል ወይ፣ ይሄን የመሰለ። አሥርና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጣ የየዕለቱን ማረጋጊያ፣ ሰማያዊውን ክኒን፣ ይጀምራል። ጥያቄው አራት ደቂቃ፣ ማዘዙ አንድ ደቂቃ ይወስዳል። ለማቆሚያው ግን ፎርም የለንም። ከሰባተኛ «ለ» ሠላሳ ስምንት ልጆች አሥራ ዘጠኙ ባለ ሰማያዊ ናቸው። ዝም ያለ፣ ፈተና የፈራ፣ ወላጆቹ የተጣሉበት፣ ብቻ ሁሉም ዓይነት አለበት። እኔም ያኔ የምወስደው ያንኑ ሰማያዊ ነበር።

የከረሜላ ሰኞ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ልጆቹ በጣታቸው ይቆጥራሉ። እናት፣ አባት፣ አያት፣ ጅማ የሄደው አጎት። በዕረፍት ሰዓት ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ለስልክ ሰልፍ ይሠራል። «አባዬ አለህ?» ይባላል፣ «አለሁ ምነው?» ይባላል፣ ይዘጋል፣ ቀጣዩ ይገባል። ጠዋት ከእናቱ ጋር ተጣልቶ የመጣ ልጅ የዚያን ቀን ምሳውን አይነካም። አንዳንዱ ደግሞ ይቀልዳል። ማክቤል የሚባል ቀውስ አለ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ወንበር ላይ ነው፣ ያን ሰኞ እጁን ዘርግቶ፣

«ሲስተር፣ እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፣ ለእኔ ሁለት አድርጊልኝ» አለኝ።

«ዋጥና ዝም በል» አልኩት።

የዚያ ዙር ክኒን የሂክማ ነበር። ሂክማ ኑርሁሴን፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ምላሷ የማያርፍ፣ ሰማያዊ ወስዳ የማታውቅ ልጅ ናት። ዘጠኙን ጥያቄ ስጠይቃት መልሳ የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ናት። «ስለ ወደፊቱ ትሰጊያለሽ?» ስላት «ስለ ማን ወደፊት?» ብላኝ ዜሮ ሰጥቻት አልፌያለሁ። የምትኖረው ከአክስቷ ከነጃት ጋር ነው። አባቷን አታውቀውም። እናቷ ራቢያ ሰመራ የፀሐይ መብራት ጣቢያ ትሠራለች፣ ወንድሟ ፉአድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው። በቃ፣ ያላት ሰው ይኸው ነው።

ዝርዝሩ ላይ በስሟ ትይዩ «እናት» ይላል፣ ቀጥሎ «መርዶ፦ ኅዳር 22» ይላል። አነበብኩና «አላህ ይዘንላት» አልኩ። ከዚያ ክኒኑን ቆጥሬ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ። እንደ ማንኛውም ቀን ነበር።

ሮብ ዕለት ሰልፉ ሲያልቅ ሂክማ አልሄድ አለች። የደሴ ጉም ግቢውን ሞልቶት ባንዲራው እንኳ አይታይም ነበር።

«ሲስተር፣ የእኔ ይመራል» አለችኝ።

«ከረሜላ ይመራል እንዴ?»

«ከማክቤል ጋር ትላንት ተቀያይረን በምላሳችን ነካነው። የሱ እስከ መጨረሻው ይጣፍጣል። የእኔ ብርቱካኑ ሲያልቅ ከሥር ይመራል።»

ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ የቀመሰ ልጅ አልገጠመኝም ነበር።

«ሁለቱም ስልካቸው ዝግ ነው» አለች። «እማም፣ ፉአድም። አክስቴ ኔትወርክ ነው ትላለች። ሲስተር፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እማ ናት ወይስ ፉአድ?»

የፉአድ ስልክ ለምን እንደተዘጋ አውቃለሁ፤ ነጃት ነግራኛለች። ልጁ መዋሸት አይችልም፣ ድምፁ ያሳብቅበታል፣ ስለዚህ እንዲዘጋው ተመከረ። ይሄ ሁሉ ትክክለኛ አሠራር ነው። ደንቡ ለልጁ «አንተ ነህ» ተብሎ እንዳይነገር ይከለክላል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ብርድ ስለነበረ ይሁን፣ ዓይኗን ማየት ስለከበደኝ ይሁን፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«ዋጪው ሂክማ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ይነገርሻል።»

ዋጠች። ምላሷን አወጣች፣ አነሳችው፣ ግራና ቀኝ አሳየችኝ።

«ውጬልሻለሁ» አለች። «እንግዲህ ቃልሽን ጠብቂ።»

አብዛኞቹ ልጆች ጉንጫቸው ሥር ይደብቃሉ፣ ሽንት ቤት ሄደው ይተፋሉ። አውቃለሁ፣ አንዳንዴም አላየሁም እላለሁ። ሂክማ ግን አንድም ቀን አልደበቀችም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ኅዳር አሥራ አምስት፣ ሰኞ፣ ስምንተኛው ቀን ላይ ክኒን ልረከብ ትልቁ ሆስፒታል ወጣሁ። ጦሳ ተራራ ላይ ነው፣ በአየር ላይ በሚንጠለጠል የገመድ መኪና ነው የሚኬደው። የመድኃኒት ክፍሉ የማይድኑ ሕሙማን ከሚተኙበት ፎቅ ጋር አንድ ኮሪደር ላይ ነው። ሠራተኛው ምሳ ወጥቷል ተባልኩና አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊቴ ካለው ክፍል አንዲት ሴት «ማን አለ? ውኃ» ስትል ሰማሁ። ገብቼ ብርጭቆውን አቀበልኳት። ፊቷ ቢጫ ሆኗል፣ ሆዷ አብጧል፣ ጉበት መሆኑ ያስታውቃል። ውኃውን እየጠጣች ደረቴ ላይ ያለውን ባጅ አነበበች።

«የላይ ሰፈር ጤና ጣቢያ ነዎት እንዴ?»

«አዎ።»

«ልጄ እኮ እናንተ ጋ ናት! ሰባተኛ ክፍል ናት። ሂክማ ትባላለች። ያውቋታል?»

ከሳምንት በፊት አላህ ይዘንላት ያልኳት ሴት ውኃ እየጠጣች ነበር።

ምን ተሰማኝ? ሰማያዊ የሚወስድ ሰው ሲደነግጥ እግሩ ነው የሚያውቀው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ ዝርዝሩን እንደገና ከፈትኩት። ዓምዱ ድሮ «ሟች» ነበር የሚለው። ዘንድሮ ተቀይሯል። «ጉዳዩ የሚመለከተው ቤተሰብ» ይላል። ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል፣ መድኃኒቱ በጊዜው እንዲይዝ ቤተሰቡ በሕይወት ሳለ ሊጀመር እንደሚችል ተጽፏል። ኅዳር 22 ሐኪሞቹ ገምተው ያስቀመጡት ቀን ነው። ሴትየዋ እስከዚያ ትሞታለች፣ ልጅቷም ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። ጊዜ እንዳይባክን መሆኑ ነው። ፎርም ሲቀየር ማን ያነባል? እኔ አላነበብኩም።

«ያውቋታል?» አለች ደግማ።

«አውቃታለሁ» አልኩ። «ጎበዝ ልጅ ናት። ምላሰኛ ናት።»

ሳቀች። ስትስቅ አመማት፣ ጎኗን ያዘች።

«መድኃኒቷን እየወሰደች ነው?»

«ያውቃሉ እንዴ?»

«እኔ አይደለሁ የፈረምኩት» አለች። «ሰመራ እንዳለሁ እንጂ እንደታመምኩ አይነገራት ብዬ ፈረምኩ። ወላሂ ለደጉ ነው። እኔ በልጅነቴ እናቴ ስታጣጥር አጠገቧ ነበርኩ። ገጠር ነን፣ ክኒንም የለ፣ ምንም የለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሕልሜ እየጮህኩ ነው የተነሳሁት። ልጄ እንደ እኔ አትሆንም አልኩ።» ብርጭቆውን መለሰችልኝ። «ግን ምን ሆነ መሰለዎት ሲስተር፣ ስፈርም ስለሷ ብቻ ነው ያሰብኩት። እኔን እንደምትናፍቀኝ ማን አስቦ!»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«መሻር ይቻል ይሆን?» አለች። «አንዴ ባያት። ጥፍሯን ባያት እንኳ ይበቃኛል። ጥፍሯን ትበላለች እኮ፣ ማን ይቆጣታል አሁን?»

«እጠይቃለሁ፣ አብሽሩ» ብያት ወጣሁ።

የጤና ጣቢያችን ኃላፊ አቶ ኬብሮን ክፉ ሰው አይደለም። ሻይ አዞልኝ ነው የሰማኝ። መሻሪያ ቅጹ አለ፣ ኮሚቴ ያየዋል፣ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ወሩ ሲያልቅ ነው አለኝ። እስከዚያ ትሞታለች አልኩት። እሱም ያውቃል።

«ደግሞ ስምንት ቀን ከወሰደች በኋላ ብናስቆማት ምኑን አተረፍን?» አለ። «ግማሽ መንገድ ላይ ይነገራት፣ ትጎዳ፣ ከዚያስ? አንቺ ራስሽ ምስክር ነሽ እኮ ሲስተር። እናትሽ ስትሞት ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አልኩት።

«ይኸው!»

እውነቱን ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ አሥራ አራቱን ክኒን ውጬ ጨርሻለሁ። ንጋት ላይ አራት ሽማግሌዎች ገቡ፣ ነገሩኝ። እኔ «እሺ» አልኩ። ከዚያ ያቋረጥኩትን ቁርስ ጨረስኩ። እንጀራ በወተት ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው «እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ ናት» አሉ፣ እኔም ኮራሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ስኮራበት ኖሬያለሁ። እናቴ ምን ዓይነት ሳቅ እንደነበራት ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም። ፎቶዋን ሳይ የጎረቤት ሴት የማይ ነው የሚመስለኝ። ያን ቀን ከአቶ ኬብሮን ቢሮ ስወጣ፣ ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም፣ ሂክማም እንደኔ ልትሆን ነው ብዬ አሰብኩና ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰልፉ ላይ ለሂክማ ከረሜላ ሰጠኋት። ትክክለኛውን ከረሜላ። አፏ ውስጥ አገላበጠችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ አይመርም» አለች በሹክሹክታ።

«ደብተርሽን አስቀምጪና ነይ። ምርመራ አለሽ ብዬ ለመምህሩ ነግሬያለሁ።»

የገመድ መኪናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከታች ከተማው በጉም ተሸፍኗል፣ አልፎ አልፎ ቆርቆሮ ብልጭ ይላል። እንዴት እንደምጀምር ሳሰላስል ግማሽ መንገድ ደረስን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገር ስደብቅ ነው የኖርኩት፣ መናገሩን ማን አስተማረኝ?

«እናትሽ ናት» አልኳት። «ግን አልሞተችም።»

«አልሞተችም?»

«አልሞተችም። ላይ ሆስፒታል ተኝታለች። ወደ እሷ ነው የምንሄደው።»

መስኮቱን ያዘች። «ልትሞት ነው?»

«አዎ የኔ እናት።»

«እሺ» አለች።

ያንን «እሺ» አውቀዋለሁ። የእኔ ነው። ዘጠኝ ቀን ሳይሞላ አፏ ውስጥ ገብቷል።

ራቢያ ልጇን በር ላይ ስታያት ልትነሳ ሞከረች፣ አልቻለችም፣ እጇን ብቻ ዘረጋች። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ አሁንም አለቀሰች፣ «ማን አመጣሽ? ማን ፈቀደ? ኧረ በሞቴ ነይ እስቲ» እያለች የልጇን ፊት ዳበሰች። ሂክማ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች። እናቷን አቀፈቻት። ከዚያ የተንጠለጠለውን የጉሉኮስ ላስቲክ አየች፣ «ይሄ በስንት ሰዓት ነው የሚያልቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። ትራሱን አስተካከለች። መሳቢያው ውስጥ ጥፍር መቁረጫ አገኘችና የእናቷን ጥፍር በተራ በተራ ቆረጠች። ሁሉን ነገር በደንብ ነው የምታደርገው። ሥራ ላይ ያለች ነርስ ብትሆን አመሰግናት ነበር።

ራቢያ እያየቻት እያየቻት ልቅሶዋ ቆመ።

«ሂክማዬ፣ አልደነገጥሽም?»

«ደንግጫለሁ እማ» አለች ልጅቷ፣ ጥፍር መቁረጧን ሳታቆም። «ውስጤ ደንግጧል። ላይ አልወጣም እንጂ። ማልቀስም እፈልጋለሁ። እየጠበቅኩት ነው።»

ራቢያ ወደ እኔ ዞረች። «ያዛት ማለት ነው?»

«መያዝ ጀምሯል» አልኩ። «ከዛሬ ጀምሮ አቁሜዋለሁ። እስኪለቃት ግን ይቆያል።»

«ስንት ቀን?»

«ሳምንታት።»

ሁለታችንም ራቢያ ሳምንታት እንደሌላት እናውቃለን። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ለዚህች ሴት ልጇን አመጣሁላት ብዬ ነበር፤ ያመጣሁላት ግን ሙሉዋን አልነበረም። ንዴት ነው ሐፍረት ነው አላውቅም፣ ብቻ የጉሉኮሱን ላስቲክ ሳያስፈልግ ነካካሁ።

ሂክማ የእናቷን እጅ ሳመችና «ሲመጣ እነግርሻለሁ» አለቻት።

«ያኔ እኔ ባልኖርስ?»

ልጅቷ አሰበች። «ለሲስተር እነግራታለሁ።»

ከዚያ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ወሰድኳት። ለነጃት ስነግራት መጀመሪያ «ጉድ ፈላ! ሥራሽን ጠልተሻል እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ፣ በማግስቱ ግን ለእህቷ አጥሚት አሽጋ ላከች። ፉአድም ስልኩን ከፈተ። ጠዋት ጠዋት ሰባተኛ «ለ» ተሰልፎ ይውጣል፣ ሠላሳ ስምንቱም ከረሜላ ነው የሚውጠው፣ እኔም መዝገቡ ላይ «ወስዳለች» እያልኩ እጽፋለሁ።

ራቢያ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ፣ ዓርብ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ሞተች። ሐኪሞቹ በሦስት ቀን ተሳሳቱ። እጇ ሂክማ እጅ ውስጥ ነበር። ልጅቷ እጁ ሲቀዘቅዝ ለረጅም ጊዜ ያዘችው፣ ከዚያ «አሁን አይደለም፣ አልመጣም» አለችኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

የዝርዝሩ ቀን ግን ኅዳር 22 ነው። ቀን ተይዟል፣ ሽማግሌዎች ተመድበዋል፣ ማን ያስቀረዋል? ሰኞ ንጋት ላይ እኔ ባለሙያ ሆኜ፣ ጋሽ ናሆም የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌና ሌሎች ሦስት ሰዎች ሆነን የነጃትን በር አንኳኳን። የከፈተችልን ሂክማ ናት። ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና ትጠብቀን ነበር። ወንበር አቀረበችልን። ጋሽ ናሆም ሳሉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣

«ልጄ፣ እናትሽ ሰመራ ሳለች ትንሽ አሟት ነበር…» ብለው ጀመሩ።

«ሞታለች ጋሼ» አለች። «ዓርብ ዕለት ነው። እጄን ይዛኝ ነበር። ይቀመጡ፣ ሻይ ላምጣ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ናሆም ሲወጡ እጄን ጨበጡኝና «ይሄ መድኃኒት ግሩም ነው! እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ ናት!» አሉ። አቶ ኬብሮን ሪፖርቱን ሲያይ በጣም ደስ አለው። ውጤት የሚለው ላይ «እጅግ ጥሩ» ብሎ ሞላ፣ ለሌሎች ጤና ጣቢያዎችም በምሳሌነት ይላካል አለኝ። ስድስት ቀን ከረሜላ እንደወሰደች ማንም አላወቀም። በዚያን ቀን ቤቴ ገብቼ የራሴን የሰማያዊ ክኒን ካርቶን መታጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ከዚያ በኋላ አልገዛሁም።

ሰማያዊ ማቆም ደስ አይልም። ራስ ያዞራል፣ እጅ ያልባል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ለሂክማ ነገርኳት፤ ከእሷ በቀር የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንገናኝ በዓይኗ «መጣ?» ትለኛለች፣ እኔም «ገና» ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። እኔም በዓይኔ እጠይቃታለሁ። እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። ታኅሣሥ እንዲህ አለቀ።

ጥር አሥራ አንድ አልፎ፣ ጥምቀቱ አብቅቶ ትምህርት ሲከፈት ሰባተኛ «ለ» ሌላ ከረሜላ ገባ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጆቹ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ያን ቀን ጉሙ ስለበረታ ሰልፉን ክፍል ውስጥ አደረግነው። በረድፉ መሐል እየሄድኩ ሂክማ ጋ ደረስኩ፣ ከረሜላውን አስቀመጥኩላት። አፏ ውስጥ አደረገችው። ብርቱካኑ ሲሰማት ፊቷ ተለወጠ። ከረሜላውን መልሳ መዳፏ ላይ አወጣችው።

«ሲስተር» አለች፣ «መጣ።»

ከዚያ አለቀሰች። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ አንጀቷ ነው የጮኸው። «እማ! እማዬ!» እያለች ዴስኩን በእጇ መታች። ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ግድግዳ ጋ ተለጠፉ። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ሌላ ልጅ እንዲህ ሲያለቅስ አይቶ አያውቅም። ቴሌቪዥን ላይ እንኳ አይፈቀድም። መምህሩ ፊቱ አመድ መስሎ፣

«ሲስተር፣ ክኒን ስጫት እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ? አመማት እኮ!» አለኝ።

«አላመማትም» አልኩት። «እናቷ ሞታ ነው።»

ከረጢቴን አልከፈትኩም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ጭኔ ላይ አስተኛኋት። ነጭ ጋውኔ በእንባና በንፍጥ ራሰ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላየሁም፣ የዕረፍት ደወል ተደወለ፣ ማንም አልወጣም። አንድ ሁለቱ ልጆች ቀስ ብለው ጠጋ አሉ። አንዷ የሂክማን ጫማ ያዘች፣ ሌላ የምትይዘው ስላላገኘች ይመስለኛል። ሂክማ በመጨረሻ ቀና አለች። ዓይኗ አብጧል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን የድሮው የሂክማ ፊት ነው።

«የአንቺስ?» አለችኝ።

«ገና ነው።»

እጄን ያዘች። «አብሽሪ» አለችኝ። «ይመጣል።»

ተነሥቼ ጋውኔን አራገፍኩ። ከረሜላ ገና ያልታደላቸው የመጨረሻው ወንበር ልጆች ነበሩ። የዚያን ቀን ዝርዝር ኪሴ ውስጥ ነው፣ አሁን እያንዳንዱን ዓምድ ከነጥቃቅኑ ፊደል አነባለሁ፣ ሆስፒታልም ደውዬ አጣራለሁ። «አባት» ይላል። ቀኑ ጥር 27 ነው፣ ገና ሁለት ሳምንት አለው። መጨረሻው ወንበር ጋ ስደርስ ማክቤል እጁን ዘረጋ። እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፣ ፊቴን ሲያይ ተወው።

«ማን ነው?» አለኝ።

«አባትህ ነው» አልኩት። «አልሞተም። ጃኬትህን ያዝና ና።»